ከዳሞታ ባልጩት እስከ አፍሪካ አዳራሽ መስታወት

ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ከሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቅርቡ በበሬ በታረሰ ማሳ ዳር ነው ያገኘኋት። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት እንደ ከሰል ጥቁር ናት። ወደ ፀሐይ ቀና ሳደርጋት ግን ጠርዟ አካባቢ ያለው ጥቁረት ይሳሳል፣ ጭስ የገባበት ብርሌ ይመስላል፣ ጫፏ ላይ ሲደርስ ደግሞ ብርሃኑ ወዲያ ማዶ ያልፋል። ጣቴን በጠርዟ ላይ ለማስኬድ አልደፈርኩም። ባልጩት ናት።

ባልጩት ምን እንደሆነ ለሀገሬው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በባዶ እግሩ ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፣ ብዙዎቻችን በእግራችን ላይ ጠባሳውን ይዘን አድገናል። ስለ ባልጩት ስናወራ ግን የምንዘለው አንድ ነገር አለ፤ ባልጩት መስታወት ነው። ይመስላል ማለቴ አይደለም፣ ነው ማለቴ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ ድንጋይ ብናኞቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ለመደርደር ጊዜ ሳያገኙ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ባልጩት ይሆናል። ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው፤ ይኸውም በአሸዋ ውስጥ ያለው፣ የመስኮታችንም የብርጭቆአችንም ዋና ጥሬ ዕቃ የሆነው ነገር ነው። አንዱን ሰው በምድጃ አቀለጠው፣ ሌላውን የስምጥ ሸለቆው እሳት።

ስለዚህ በወላይታ ምድር የመስታወት ጥበብ መቼ ተጀመረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከከተማው መስታወት ቤቶች ሳይሆን ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ነው።

ዳሞታን ሶዶ ገብቶ ያላየው የለም። ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋው ይህ የጥንት እሳተ ገሞራ ከከተማዋ ራስጌ ተቀምጧል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዋሻ መጠለያ አለ። ዝናብ ሲጥል ከአናቱ ውኃ እየወረደ አፉን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች፣ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ወለሉን ንጣፍ በንጣፍ ቆፍረውታል። ከአመዱና ከእሳተ ገሞራው ትቢያ መካከል የወጣው የሰው እጅ ሥራ ወደ 50 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ባልጩት ነው።

አውሮፓ ውስጥ የዘመናችን ዓይነት ሰው ገና እግሩን ሳይተክል፣ ዳሞታ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ መስታወት ይጠርብ ነበር ማለት ነው። ጦር ጫፍ ላይ የሚታሰር ሁለት ፊቱ የተጠረበ ስለት፣ ቆዳ የሚፍቅ ክብ ጠርዝ፣ ሥጋ የሚቆርጥ ስስ ስንጣሪ ይሠራ ነበር። ስሙን አናውቅም። ሥራውን ግን በእጃችን ይዘን ማየት እንችላለን፤ ከእርሱ በኋላ ከኖሩት ሠዓልያንና ቀራፂያን የስንቱ ሥራ ተረፈ?

እንዴት እንደሚጠረብ ላሳያችሁ። የባልጩት እብጥ በግራ እጅ ይያዛል፣ ወይም ጭን ላይ ቆዳ ተነጥፎ ይደገፋል። ቀኝ እጅ ድንጋይ መዶሻ ይይዛል። የሚመታው መሐሉ አይደለም፤ ጠርዙ ነው፤ ያውም ሁለቱ ፊቶች ከ90 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን የሚገናኙበት ቦታ ተመርጦ። ምቱ ትክክል ከሆነ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል፣ ከሥር አንድ ስስ ስንጣሪ ይለቃል። የተሰበረበት ፊት የዛጎል ውስጥ ይመስላል፤ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲወረወር እንደሚነሳው ሞገድ ከምቱ ጀምሮ ክብ ክብ እያለ ይሰፋል። አርኪዮሎጂስቱ ዛሬ ያንን ሞገድ አንብቦ፣ ምቱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ፣ ጠራቢው ስንት ጊዜ ድንጋዩን እንዳዞረው ይናገራል። ማዕዘኑ ከተሳተ ድንጋዩ ይደቅቃል፣ ወይም ስንጣሪው መንገድ ላይ ይሰበራል። የተሳሳተውን መልሶ መለጠፍ የለም። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረታችን ይህን ሕግ ነው የሚናገረው፣ ጠራቢው ከተረቱ በፊት ያውቀው ነበር።

ይህ ሙያ ከዋሻው ጋር የተቀበረ አይምሰላችሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች በባልጩትና በሌላ የድንጋይ ስለት መሥራትን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላቆሙም፣ በአንዳንድ ቦታም አሁን ድረስ ይሠሩበታል። ስለቱ በእንጨት እጀታ ላይ በዛፍ ሙጫ ይጣበቃል፣ የከብቱ ቆዳ ይወጠራል፣ ሥጋና ስቡ እየተፋቀ ይወርዳል፤ ስለቱ ሲዶለዱም ትንሽ ተመትቶ እንደገና ይሳላል። ቤታችን የተነጠፈው ቁርበት፣ አልጋችን ላይ የነበረው ጀንዲ የዚህ እጅ ውጤት ነው። ባልጩት በጠፋበት ጊዜ የተሰበረ ጠርሙስ አንስተው በዚያው ብልሃት የጠረቡ ቆዳ አልፊዎችም አሉ። ያ ጠርሙስ የእኔን ልብ ይነካዋል፤ ሁለቱ መስታወቶች አንድ መሆናቸውን ከማንም ቤተ ሙከራ ቀድሞ ያወቀው የእጅ ባለሙያው መሆኑን ያሳያልና።

ለዚህ ሙያ የሰጠነው የንቀት ስም ግን «ፋቂ» ነው። በወላይታም ቆዳ የሚያለፋው ደጋላ፣ ሸክላ የምትሠራው ጭናሻ ከሌላው ሕዝብ ጋር ማዕድ እንዳይቆርሱ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ይህ በደል ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልፈልግም። ለመስታወት ቅርፅ የመስጠትን ጥንታዊ ሙያ እስከ ዘመናችን ያደረሱትን ሰዎች አዋርደን፣ የመስታወት ጥበብ ከአውሮፓ የመጣ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው ብለን አመንን።

እዚህ ላይ ነው ስለ አንድ ሰው መናገር የምፈልገው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመስታወት ጥበብ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ስም የእርሳቸው ነው፤ የዓለም ሎሬት እጅግ የተከበሩ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ።

በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው ከጣሊያን ወረራ ጋር ገጠመ፤ የፈረሰች ሀገር አይተው ነው ያደጉት። በ15 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተመርጠው ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚፈልጉት ሀገር መልሶ የሚገነባ ባለሙያ ነበር፤ ለአፈወርቅም የተመደበው ትምህርት የማዕድን ምህንድስና ነበር። ሬዲንግ አጠገብ በሚገኘው ሌይተን ፓርክ ትምህርት ቤት ሳሉ ግን መምህራኑ እርሳስ የያዘው እጅ ምን እንደሚችል አዩ። ከዚያ ወደ ለንደን፣ መጀመሪያ ወደ ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቀኑ።

ማዕድን እንዲማሩ ተልከው ወደ ሥዕል ዞሩ እየተባለ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ የዞሩ አይመስለኝም። መስታወት ቀለም የሚያገኘው ከማዕድን ነው። ሲቀልጥ ጥቂት ኮባልት ከተጨመረበት ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ብረትና ክሮም አረንጓዴ ያደርጉታል፣ መዳብ ወይም ወርቅ በልክ ከገባበት ደም የመሰለ ቀይ ይወጣዋል። የማዕድን ተማሪ ይሆናል የተባለው ልጅ፣ ማዕድን ብርሃን አሳልፎ ቀለም ወደሚሆንበት ሙያ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ በሚገኘው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን ትልቅ ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብ ተመልሰው ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ ግሪክን ለሁለት ዓመት ያህል እየዞሩ አጠኑ። ባለቀለም መስታወት የሚሠራበትን ብልሃት የተማሩት በዚህ ጉዞ ነው። በዚያው ጉዞ ላይ ሌላም ነገር አደረጉ፤ ለእኔ ከመስታወቱ ትምህርት እኩል የሚመዝነው ይሄ ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ፈልገው አጠኑ። ከሀገር የወጣውን ቅርሳችንን ለማየት አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የባዕድ ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት ነበረበት። ድካማቸው ግን በከንቱ አልቀረም። የብራናው ሥዕል ጥቁር መስመሩ ደፋር ነው፣ ቀለሙ ሳይደባለቅ በየቦታው ይቆማል፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። ባለቀለም መስታወትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቀለም ከቀለም የሚለየው ጥቁር መስመር፣ የማይደባለቅ ንጹሕ ቀለም። የገዳም ጸሐፊ በብራና ላይ የፈታውን ጥያቄ መስታወቱ እንደገና ጠየቃቸው፣ መልሱ ደግሞ አስቀድሞ በእጃቸው ነበር።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የአዲስ አበባውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በግድግዳ ሥዕል፣ በሞዛይክና በባለቀለም መስታወት ያስጌጡ ዘንድ ተመረጡ። ከድል በኋላ የአድዋ መታሰቢያ ሆኖ በተሠራው በዚያ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዛሬም ሥራቸው አለ። ሐረር ላይ የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልትን ሠርተዋል። ቴምብር ነድፈዋል፣ የመጫወቻ ካርታ ነድፈዋል። በእነዚህ ላይ አልቆይም፤ መንገዳችን አዲስ አበባ ወደሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ነው።

አዳራሹን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የመግቢያውን አዳራሽ አንዱን ገጽ የሚሸፍነው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት ለአፈወርቅ ተሰጠ። ሥራውን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። 150 ካሬ ሜትር ማለት ሶዶ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቤትና ጓሮ የሚሠራበት ቦታ ያህል ነው። ያንን መሬት ቀና አድርጎ እንደ ግድግዳ ማቆም፣ ከዚያም በመስታወት ስባሪ መሙላት፣ ከዚያም ፀሐይ እንድትገባበት ማድረግ፣ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት።

ሥራው «የአፍሪካ ሙሉ ነጻነት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶታል፣ ሦስት ክፍል አለው። በአንደኛው ቀይ ይገናል፤ የባርነትና የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በሁለተኛው አረንጓዴ፤ ትግሉ ነው። ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ ከፊት ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ከኋላው የየሀገሩን ልብስ የለበሱ የአፍሪካ ሕዝቦች ወደ ፊት ይሄዳሉ። የጦር ልብስ የለበሰና የተባበሩት መንግሥታት ምልክት ያለበት ሰውም አለ።

የሠዓሊውን አካሄድ ለማየት ወደ መስታወቱ መጠጋት ያስፈልጋል። ከሩቅ የሰው ፊት፣ ክንድ፣ የቀሚስ ጥለት የሚታየው ቀረብ ሲሉ ይበታተናል፤ ቁርጥራጭ ይሆናል። አንዱ ቁራጭ ቀይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ግን ሌላ ቀይ ነው፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር በብሩሽ ያዋህዳል። መስታወት ይህን አይፈቅድም። ሁለቱ ቀዮች ተለያይተው ይቆረጣሉ፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ የሚያዋህዳቸው ርቀትና የተመልካቹ ዓይን ነው። በመካከላቸው የሚያልፈው ጥቁር መጋጠሚያ ደግሞ ለማያያዝ ብቻ የገባ አይደለም፣ ሥዕሉን የሚሥለው እርሱ ነው። የክንዱ ጡንቻ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት፣ የሸማው እጥፋት በመጋጠሚያው መስመር ተሥሏል። አፈወርቅ ጥቁሩን መስመር እንደ ችግር አላዩትም፤ እንደ ብራና ጸሐፊዎቹ እንደ ብዕር ተጠቀሙበት።

እዚያ የቆምኩት ጠዋት ላይ ነበር። ደመና መጥቶ ሄደ። ደመናው ሲመጣ ቀዩ ክፍል ወደ ጥቁርነት ተጠጋ፣ ቢጫው ግን ቀረ፤ ደመናው ሲሄድ ወለሉ ላይ ቀለም ፈሰሰ፣ አንድ ጥበቃ በአረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ተራምዶ አለፈ፣ ነጭ ሸሚዙ ለሁለት እርምጃ ያህል አረንጓዴ ሆነ። ሸራ ላይ ያለ ሥዕል ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል፤ መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ለሰው ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግንቦት 25 ቀን፣ በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሊፈርሙ የመጡት የ32 ነጻ ሀገራት ተወካዮች የተሰበሰቡት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሠዓሊው በመስታወት የነደፈው የአንድነት ሐሳብ ስብሰባው ከመደረጉ ሁለት ዓመት ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አፈወርቅ በሥነ ጥበብ የመጀመሪያው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1981 የራሳቸውን ምስል የሣሉበት ሥራ ፍሎረንስ በሚገኘው ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ቋሚ ስብስብ ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ የጎንደርን ቤተ መንግሥት አስታውሰው የነደፉት መኖሪያና የሥራ ቤታቸው፣ ቪላ አልፋ፣ የሥራዎቻቸው ማኅደር ሆነ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። አፍሪካ አዳራሽ ከረጅም እድሳት በኋላ መስታወቶቹም ታድሰው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ ለእድሳቱ የተባበሩት መንግሥታት የመደበው ገንዘብ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ለመስታወት ዋጋ የሚሰጥ ዓለም እንዳለ ይህ ቁጥር በቂ ማስረጃ ነው።

የሚያሳዝነው ከአፈወርቅ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ሠዓሊ አላጣንም፣ ቀራፂም አላጣንም። በመስታወት የሚሠራ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር እንኳ ለማግኘት እንቸገራለን። አንደኛው ምክንያት ይገባኛል፤ መስታወት እሳት ይፈልጋል፣ እሳቱም ውድ ነው ብለን እናምናለን። ለረጅም ዘመን ዓለም ሁሉ እንዲሁ ያምን ነበር። የቬኒስ ሰዎች የመስታወት ምድጃዎቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1291 ወደ ሙራኖ ደሴት ሰብስበው ሙያውን እንደ መንግሥት ምሥጢር ጠበቁት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መስታወት የፋብሪካ ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሃርቪ ሊትልተን የተባለ አሜሪካዊ የሸክላ ጥበብ መምህር ቶሊዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ትንሽ ምድጃ ሠርቶ፣ አንድ ሠዓሊ በራሱ የሥራ ቤት መስታወት ማቅለጥ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ በዓለም የምናያቸው የመስታወት ቀራፂዎች ብዙዎቹ የዚያ ጋራዥ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ዴል ቺሁሊ እ.ኤ.አ. በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን ካጣ በኋላ እንኳ፣ ነፊውን ብረት ለባልደረቦቹ አስረክቦ፣ እርሱ እየነደፈና እየመራ ሥራውን ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ የጀመረው የሸክላ መምህር ነው። ከሸክላ ሠሪ እስከ መስታወት ሠሪ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሁለቱም እሳትን ማወቅ ነው፤ መቼ ማፋፋም፣ መቼ ማብረድ እንዳለበት ማወቅ። ይህን እውቀት ደግሞ ወላይታ ከማንም መዋስ አያስፈልጋትም።

የተሰበረ ጠርሙስ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለስልሶ ከጎኑ ካለው ስባሪ ጋር ይጣበቃል፣ የሸክላ ቅርፅ ላይ ከተቀመጠም የቅርፁን መልክ ይይዛል። አሸዋን ከመጀመሪያው ለማቅለጥ 1,500 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልግ ይሆናል፤ ስባሪ ለማጣበቅ ግን ከዚያ ግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ይበቃል። አስቸጋሪው ማሞቁ አይደለም፤ ማቀዝቀዙ ነው። ሥራው ከምድጃ ቶሎ ከወጣ ውጪው ቀዝቅዞ ውስጡ ይሞቃል፣ ሁለቱ ይጓተታሉ፣ አንዳንዴ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ መስታወት ቀራፂ ከሁሉ በላይ የሚማረው ትዕግሥት ነው፤ ምድጃውን ዘግቶ፣ ሳያይ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱ ቀስ እያለ እስኪወርድ መጠበቅ።

የሶዶን ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ሩቅ አትሂዱ። በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን፣ መስከረም ላይ፣ ከተማዋ ዱንጉዛ የሚባለውን የሽመና ልብስ ትለብሳለች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ሸማኔው ጥቁሩን ክር ያስገባው ለመሙላት አይደለም፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው እርሱ ነው። አፈወርቅ በመስታወት መጋጠሚያ ያደረጉትን የዱንጉዛ ሸማኔ በመወርወሪያው ሲያደርገው ቆይቷል። ቀዩንና ቢጫውን መስታወት፣ ጥቁሩን ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ባልጩት አድርጎ የሚያቆም የወላይታ ልጅ ቢነሳ፣ ያ ሥራ በየትኛውም የዓለም ቤተ መዘክር ውስጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚታወቅ ይሆን ነበር።

እንግዲህ የምለምነው ይህንን ነው። ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የሙያ ኮሌጅ አላት። አንድ ትንሽ ምድጃ ይሠራላት። በዙሪያው የጭናሻ ሸክላ ሠሪዎች፣ የደጋላ ቆዳ አልፊዎች፣ የዱንጉዛ ሸማኔዎች በመምህርነት ይቀመጡ፤ ተማሪው እሳቱን ከሸክላ ሠሪዋ፣ ስለቱን ከቆዳ አልፊው፣ ቀለሙን ከሸማኔው ይማር። በሞቼና ቦራጎ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ባልጩት እንዴት እንደሚሰበር ለሠዓልያኑ ያሳዩ። ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉት መልካ ቁንጡሬና ባልጪት፣ ስሙን ከዚሁ ከባልጩት ያገኘው መንደር ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። የዳሞታው ዋሻም እንደዚያው እንዲጠበቅ፣ እንዲታጠርና እንዲታወቅ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ማሳው ዳር ያነሳኋትን ባልጩት ካየኋት በኋላ ካገኘኋት ቦታ መልሼ አስቀመጥኳት። ሞቼና ቦራጎ ከሶዶ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት ቦታ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀና ብላችሁ ውኃውን፣ ጎንበስ ብላችሁ ወለሉን አሳዩአቸው፤ ከመሬቱ ግን አንዲት ስንጣሪ እንኳ አታንሱ።